ዘግይቶ የደረሰ ገጽ

ቀኑ ያለፈ ብድር ነው፣ ከቦርሳሽ ያወጣሁት፤
ለመመለስ ነበር ሐሳቤ፣ መብራት ጠፋና ገለጥሁት።
ብቸና ላይ መብራት ከጠፋ፣ ሌሊቱ አይነጋምና፣
በስልኬ ባትሪ ጀመርሁት፣ ጋቢዬን ተከናነብሁና።

እኔ የመጻሕፍት ቤት ዘበኛ፣ ስለ ልብ ወለድ ምን አገባኝ?
አንቺ ግን ትርንጎ፣ በነጋታው፣ "አጎቴ፣ እንዴት ነው?" ስትዪኝ
ዝም ማለት አቃተኝ።

እንግዲያ ስሚ።
ከሐይቅ ሥር ነው ትምህርት ቤቱ፣ አስማት የሚማሩበት፣
ዓሣ በመስኮት የሚያልፍበት፣ ጣሪያው ማዕበል ያለበት።
ጥላዋ ዘግይቶ የሚደርስ፣ አንዲት ልጅ ትገባለች፤
ገና በመጀመሪያው ሳምንት፣ ማዕበል በቃል ታቆማለች።

ጥላውን ወደድሁት፣ እውነት። እሷ ወንበር ይዛ ሳለች፣
እሱ በር ላይ ቆሞ ሲያመነታ፤ ይህን የጻፈች ሴት ታውቃለች።

ግን በሳምንት ማዕበል?
እኔ ዋሸራ ሜዳ ላይ፣ አንድ ጉባኤ ቃና ለመሙላት፣
ክረምቱ ወጥቶ በጋ ገባ፤ የኔታም "አፍርሰው" አሉት።
ባመቱ ሌላ አመጣሁ፤ ጥቂት ፈገግ እንደማለት አሉ፤
"ይህስ እግር አውጥቷል፣ ልጄ፤ ራስ ፈልግለት" አሉ።

ደግሞ እዚያ ምግብ ይመጣል፣ ገበታው ላይ በራሱ፤
ማን አበሰለው? ማን አጠበ? አይጠይቁ፣ አያነሡ።
አኩፋዳ ያነገተ፣ ውሻ ያባረረው ልጅ የለም።
እኛ ዘንድ አስማት ከነበረ፣ "በእንተ ስማ ለማርያም" ተብሎ፣
በር ሲከፈት ነበር፤ ቁራሽ ይዞ፣ ያላወቁት ሰው ብቅ ብሎ።

ስለ መድኃኒቱም ልናገር።
በብርጭቆ ይቀዳላቸዋል፣ አረንጓዴ ጣፋጭ ነገር፤
ይጠጡና ሁሉን ያውቃሉ፤ ዋጋው አይነሣ፣ አይነገር።
የኛ ልየው ግን አብሾ ጠጣ፤
ዋርካ ላይ ወጣ፤
ሰባት ቀን ሙሉ መወድሱን፣ እንደ ክረምት ጎርፍ አወረደው፤
ያልሰማነውን ግስ ሁሉ፣ ከየት እንዳመጣው እሱ ይወቀው።
በስምንተኛው ቀን ወረደ።
እናቱ ከደጀን መጥታ፣ "ልየው! ልየው!" ስትለው፣
ዘወር ብሎ ኋላውን አየ፤ ሌላ ሰው የጠራች መሰለው።

ለደራሲዋ ብትጽፊላት፣ ይህችን ብቻ ንገሪልኝ፦
አስማት ካለ ዕዳ አለ።

እዚህ ላይ መጽሐፉን ዘጋሁት፤
ዘጋሁት ስል፣ ጣቴን ከመሃል እንዳደረግሁት።

"የተመረጥሽ ነሽ" ይሏታል፤ ይህንንስ አልወደድሁም፤
የኔታ ማንንም አልመረጡ፤ ማንንም ግን አልመለሱም።

ከሁሉ አብልጬ የወደድኋት፣ የኋላ ወንበር ተማሪዋ፣
ሻማ ስታበራ የሚጠፋባት፣ ምዕራፍ ዘጠኝ ላይ ያለችዋ።
በፈተናው ቀን ተጠራች፤
ተነሣች፤
ልትናገር አፏን ከፈተች፤

ገጹ የለም።
ሁለት መቶ ዐሥራ አንድ፣ ሁለት መቶ ዐሥራ ሁለት፣
ከሥሩ ተገንጥሎ ሄዷል፣ ጥርሱ ብቻ ቀርቶበት።
ከዚያ በኋላ ጭብጨባ ነው። እሷን የሚያነሣ የለም።
ተኛሁ፤ አልተኛሁም።
አፏን እንደ ከፈተች ትደር?

ስድስት ሰዓት ሲሆን ተነሣሁ፤
ከብድር መዝገቡ ጀርባ ቀድጄ፣ እስክርቢቶ አነሣሁ።
ሃያ ሁለት ዓመት ስንኝ ያልቆጠርሁት ሰው፣ ጻፍሁት፤
እንደ ድሮው አፈረስሁት፤ እንደ ድሮው አቆምሁት።
ምን እንዳለች አልነግርሽም፤ ገብተሽ ራስሽ አንብቢው፤
በሙጫ ነው የያዝሁት፣ ስትገልጪ ቀስ በይው።

ትናንት አንድ የዘጠነኛ ክፍል ልጅ፣ መጽሐፉን አምጥቶ መለሰ፤
"ይቺ ገጽ ለምን በእጅ ተጻፈች?" እያለ ጣቱን ቀሰረ።
ምን ልበለው?
"እንደ ልጅቱ ጥላ ነው" አልሁት፤ "ዘግይቶ ነው የደረሰ።"
አየኝ። አመነኝ መሰለኝ።

የአንቺ ቅጣት ግን አልተሰረዘም፤
አስማት ካለ ዕዳ አለ ብያለሁ፤
ዐሥራ ሁለት ብር አለብሽ፣ ትርንጎ።